ስኳር የተከለከለው የአናናስ ገበሬ

ዴስ ዊትሎክ ከብሪስበን በስተሰሜን፣ ቢርዋ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከአባቱ የወረሰውን የአናናስ እርሻ ያርስ ነበር። የአናናስ ቅጠል ዳርና ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ስለሆነ ሌሎቹ ገበሬዎች ማሳ ሲገቡ ከሸራ የተሰፋ መከላከያ እግራቸው ላይ ያስራሉ። ዴስ ግን በቁምጣና በቦት ጫማ ነው የሚገባው። ሙቀቱን ከመታገል መቧጨሩ ይሻለኛል ባይ ነበር። እግሩ በሙሉ ጭረት በጭረት ስለሆነ አንድ ምልክት ቢጨመርበት ከሚስቱ በቀር ማንም ልብ አይለውም።

ሚስቱ ጆይሊን ልብ አለች። ባቱ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ማርያም የሳመችው የሚባል ዓይነት ጥቁር ነጥብ ነበረው። ያ ነጥብ አብጦ ዶቃ የመሰለ ነገር ሆነ፤ አልፎ አልፎም ይደማል። ዴስ ቅጠል ወግቶኝ ነው አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ለቀማው ይለቅና እታያለሁ አለ። ለቀማው ሲያልቅ የውኃ ፓምፑ ተበላሸ። ከዚያ ሌላ ሰበብ መጣ። በመጨረሻ ጆይሊን አንድ ጠዋት ፒክአፑ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና ሐኪም ቤት ሳትወስደኝ አልወርድም አለችው። የታመምሽው አንቺ ነሽ እንዴ ቢላት፣ አዎ፣ አንተን ማየት አሞኛል አለችው።

ሜላኖማ የሚሉት የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቆርጠው አወጡት፤ ዙሪያውንም ሰፋ አድርገው ቆረጡና ከጭኑ ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። ቀዶ ሐኪሙ ከተቆረጠው ላይ ትንሽ ለምርምር እንዲሰጥ ፈቃዱን ጠየቀው። ዴስ መልሼ አልሰፋው፣ ውሰዱት አለና ፈረመ።

እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ብሪስበን ከከተምኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሥራዬም በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴሎችን መመገብ ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ቁራጭ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በምላጭ ይከታተፋል፤ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ቀይ ፈሳሽ ምግብ ይደረግለታል፤ የሰውነት ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አብዛኛው ይሞታል። ያኔ የማን እንደሆነ ባላውቅም የዴስ አልሞተም። የጠርሙሱን ወለል ይዞ ተባዛ፤ ሆዳምም ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ስኳር አለ። ሴሎቹ ስኳሩን በልተው አሲድ ሲተፉ ቀዩ ፈሳሽ ወደ ብጫ ይለወጣል። የሌሎቹ ቀናት ሲቆይ የእሱ በማግሥቱ ብጫ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥቂቱን ሠርተንበት የቀረውን በበረዶ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ረሳነውም ማለት ይቻላል።

ዴስም ረስቶት ነበር። ጆይሊን ረጅም ሱሪ ገዝታለት እያጉረመረመ ይለብሳል፤ ይተክላል፤ ይለቅማል። ዓመታት በደህና አለፉ። ከዚያ በዚያው እግሩ በኩል ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጣበት። ጫማ ልጦኝ ነው ብሎ ጥቂት ሰነበተ። ሲመረመር ካንሰሩ ወደ ንፍፊቱ ተዛምቶ ተገኘ፤ በምስል ሲታይ ደግሞ ሳንባው ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች ነበሩ። ንፍፊቱን አወጡለት። አሁንም ፈቃዱን ጠየቁት፤ አሁንም ፈረመ።

ሁለተኛው ቁራጭ ሲደርሰን የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኒሩፓ ቁጥሮቹን አስተያይታ ከአንድ ሰው የመጡ መሆናቸውን አወቀች። ኒሩፓ ወላጆቿ ከስሪላንካ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ብሪስበን የተወለደች፣ ቃል መርጣ የምትናገር ሴት ናት። ደስ አላት፤ ደስታዋንም ዋጥ አደረገችው፤ ምክንያቱም ለእኛ መልካም ዕድል የሆነው ነገር ለዚያ ሰው ምን እንደሆነ ታውቃለች። መጀመሪያ የሚበቅለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ስስ ስለሆነ ተመርምሮ ያልቃል፤ ለእኛ አይተርፍም። የአንድ ሰው ቆዳ ላይ የበቀለውንና ከዚያ ተነሥቶ የተሰደደውን ጎን ለጎን ማየት እምብዛም አይገኝም። ኒሩፓ የምትመረምረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ነገር ከቤቱ ሲወጣ አመጋገቡ ይለወጣል ወይ የሚል።

በዚያው ሰሞን ጆይሊንም ስለ አመጋገብ ታስብ ነበር። ካንሰር ስኳር እንደሚበላ አንብባለች፤ ፀጉሯን የምትሠራላት ሴትም ይህንኑ ነግራታለች። ስኳር ካጣ ይሞታል ብላ ደመደመች። ባሏ ቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ ወጥ ቤቱን ጠራርጋ ጠበቀችው። ስኳሩ፣ ማርማላታው፣ ብስኩቱ፣ ዳቦው፣ ድንቹ፣ ቢራው ሁሉ ወጣ። ዴስ ይህን ሁሉ ቻለው። ፍራፍሬው ሲከተል ግን ተናገረ።

«ጆይ፣ እኔ እኮ የአናናስ ገበሬ ነኝ።»

«ገበሬነትህን ማን ከለከለህ። በላተኛ ግን አትሆንም።»

መጀመሪያ ላይ ይሰርቅ ነበር። ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ይወጣና ከማደያው ላሚንግተን ገዝቶ መኪናው ውስጥ ይበላል። ላሚንግተን ቸኮላት የተነከረ፣ በተፈጨ ኮኮናት የተንከባለለ ኬክ ስለሆነ ተደብቆ ለሚበላ ሰው አይመችም። አንድ ቀን ጆይሊን ሸሚዙ ላይ ነጭ ነገር አየችና ምንድን ነው አለችው።

«ፎረፎር ነው» አላት።

«ፀጉርህ ካለቀ ስንት ዘመኑ» አለችው።

ዴስ ይህን ሲያወራልኝ ይስቅ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ሲነግረኝ ግን አልሳቀም። ጆይሊን እንደ ልማዷ ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ወጥታ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና እስኪመሽ አልተነሣችም። ከዚያ ቀን በኋላ መስረቁን ተወ። የሰጠችውን ይበላል፤ እንቁላል፣ ቅጠላቅጠል፣ የተቀቀለ ዶሮ። ሰውነቱ አለቀ። ለሕክምና በሄደ ቁጥር ሐኪሙ ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ባየው ቁጥር ፊቱ ይከፋል። የሳንባውን ነጠብጣብ የሚያክሙበት መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ፣ አንዳንዴም በገዛ አካል ላይ የሚያስነሣ ከባድ ነገር ነው። እንዲህ እየመነመንክ ከሄድክ አትችለውም ብሎ ነገረው። ዴስ የምግብ ፍላጎቴ ጠፍቶ ነው አለ። ሚስቱን አላጋለጠም።

ምክንያቱን በኋላ ነግሮኛል። «እኔ የጎደለኝ ምግብ ነው» አለኝ። «እሷ ግን ይህን ከቀማኋት እጇ ላይ ምን ይቀራል?»

ሴሎቹን ላያቸው እፈልጋለሁ ብሎ በቀዶ ሐኪሙ በኩል ያስጠየቀው ራሱ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ኒሩፓ ግን እሺ አለች። ጆይሊን አብራው መጣች። ረጅም ሰው ነው፤ ሱሪው ሰፍቶት ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። እኔ በር ላይ ተቀብዬ ሚስተር ዊትሎክ አልኩት።

«ሚስተር ዊትሎክ አባቴ ነበር፤ እሱም ሞቷል» አለኝ። «እኔ ዴስ ነኝ፣ ልጄ።»

በማይክሮስኮፕ ማጉያው መጀመሪያ ከባቱ የተወሰዱትን፣ ከበረዶ አውጥተን መልሰን ያረባናቸውን ሴሎች አሳየሁት። ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ እርስ በርስ የተጠጋጉ ናቸው። ከንፍፊቱ የመጡት ሁለተኛዎቹ ደግሞ ክብ ክብ ያሉ፣ የተበታተኑ። ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። አንዳቸውም እኔን አይመስሉም አለ። ጆይሊን ማጉያው ላይ ዓይኗን አድርጋ ወዲያው አነሣች። የመጣችበት ሌላ ነበር። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ኒሩፓ ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱ ባለበት እንድትመልሽልኝ ነው የምፈልገው። እነዚህ ነገሮች የሚበሉት ስኳር አይደለም?»

«ስኳር ይበላሉ» አለች ኒሩፓ።

ጆይሊን ባሏን ተመለከተችው። «ሰማህ?»

«ግን አልጨረስኩም» አለች ኒሩፓ፤ ተነሥታም ከሣጥኑ አራት ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሁለቱ ከባቱ፣ ሁለቱ ከንፍፊቱ የመጡ ናቸው። ከየወገኑ አንዱ ስኳር ያለው ምግብ ተሰጥቶታል፤ አንዱ ስኳር የሌለው። የባቱን ስኳር የተከለከለውን ጠርሙስ አንሥታ ወደ መብራቱ አዘነበለችው። ሴሎቹ ሞተው ከወለሉ ለቅቀዋል፤ ፈሳሹ ውስጥ እንደ ትቢያ ይንሳፈፋሉ። ጆይሊን ጎንበስ ብላ አየች፤ ፊቷም ፈካ። ከዚያ ኒሩፓ የንፍፊቱን አነሣች። እሱም ስኳር ተከልክሏል፤ ግን ወለሉን እንደያዘ ነው። ብዛቱ ይቀንስ እንጂ በሕይወት አለ።

«እነዚህ ምን እየበሉ ነው ታዲያ?» አለ ዴስ።

«ያገኙትን» አለች ኒሩፓ። ስብ ይበላሉ፤ የፕሮቲን ፍርፋሪ ይበላሉ፤ ሌሎቹ ሴሎች የተፉትን አሲድ ሳይቀር መልሰው ይበላሉ አለች። ቆዳ ላይ የነበሩት ስኳር እየተሻሙ ነው ያደጉት፤ ከቆዳ ወጥተው በደምና በንፍፊት ውስጥ የተጓዙት ግን ያንን የሙጥኝ ቢሉ ኖሮ መንገድ ላይ ባለቁ ነበር፤ የተረፉት ሁሉን መብላት የሚችሉት ናቸው አለች። ከዚያም ይህ የዴስ ነው፣ የሌላ ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ጠርሙስ ውስጥ ያየነውም ሰው ውስጥ ካለው ሊለይ ይችላል ብላ ጨመረች። ኒሩፓ እንዲህ ዓይነቱን ማስጠንቀቂያ ለማንም አታስቀርም።

ጆይሊን እጇን ቦርሳዋ ላይ ጫነች። «ስቡንም ብከለክለውስ?»

«ወይዘሮ ዊትሎክ፣ እሱ ስኳር ባይቀምስም ደሙ ውስጥ ስኳር አይጠፋም። ጉበቱ ይሠራዋል።»

«ከምን?»

«ከጡንቻው» አለች ኒሩፓ።

ዴስ ቀበቶውን ነካካ።

«ስለዚህ ያከሳሁት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች ጆይሊን።

«የከሳሁት እኔ ነኝ» አለ ዴስ። «አፌ የራሴ ነው፤ ማንም አልሰፋብኝም። ነይ እንሂድ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ።»

ቢርዋ ሲደርሱም ጆይሊን የሰማችውን አልተቀበለችም። በማግሥቱም ወጥ ቤቱ እንደነበረ ነው። ያቺ ልጅ ጠርሙስ እንጂ ሰው አታውቅም አለች። አንድ ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ዴስ ከማንም አልደበቀም፤ ከተማ ወርዶ ዳቦና ቋሊማ ገዝቶ መጥቶ ራሱ ይጠብሳል፤ እሷ ደግሞ የራሷን ቅጠላቅጠል ይዛ ሌላ ክፍል ትገባለች። እሷም አብራው ስኳር ትታ ነበርና ጉንጯ ገብቷል። ዴስ ይህን ልብ ያለው ያን ሰሞን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍሬ በሚለዩበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዴስ ከክምሩ አንድ የበሰለ አናናስ መርጦ፣ አናቱን ቆርጦ፣ ላጠውና ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ፊቷ አስቀመጠ።

«ብዪ።»

«እኔ ምን አገባኝ።»

«አንቺም ከስተሻል። ሁለታችንም ከስተን ማን ማንን ሊያነሣ ነው?»

አልነካችውም። ቆይታ ግን ለወራት ስትሸሽ የነበረውን ተናገረች። «እና እኔ ምን ላድርግ፣ ዴስ? እጄን አጣጥፌ ልይህ?»

ዴስ አፈኛ ሰው አይደለም። ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገና ቆመ። «ሥራማ አታጪም» አላት። «ለመድኃኒቱ ስሄድ አንቺ ንጂ። ሲያስመልሰኝ ባልዲ ያዢልኝ። ስነጫነጭ ስደቢኝ፤ ጎበዝ ነሽ ለሱ። አሁን ግን ከኔ ጋር ተቀምጠሽ ብዪ።»

የእንጨት ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና በላች። ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ምላሴን በላኝ አለች። ትኩስ አናናስ ምላስ መብላቱ እውነት ስለሆነ ዴስ ሌላ አልጠየቃትም።

ከዚያ በኋላ ድንቹም ወተቱም ተመለሰ፤ እሷው ነች የመለሰችው። ኪሎው ሲጨምር ሐኪሙ መድኃኒቱን በደም ሥር ጀመረለት። ጆይሊን ትነዳለች፤ ሲያስመልሰው ትይዘዋለች። መድኃኒቱ እንቅርት የሚወጣበትን የአንገት እጢ አበላሽቶ በየቀኑ ክኒን የሚያስውጠው ሆነ፤ ቅንድቡ ነጣ፤ ክንዱ ላይ ለምጽ የመሰለ ነጭ ነገር ወጣበት። ሐኪሞቹ የቆዳው መንጣት ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው አሉት። ዴስም አሮጌ ላም መሰልኩ እያለ ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ያሳያል። እንዳሉትም የሳንባው ነጠብጣብ እየሟሸሸ ሄዶ በምስሉ ላይ ሊጠፋ ደረሰ። አዲስ አናናስ ተክሎ ለቀመ፤ ደግሞ ተከለ።

ሴሎቹን ለማየት ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል። በመጣ ቁጥር አናናስ በካርቶን ይዞልን ይመጣል፤ እንዴት ናቸው ብሎም ይጠይቀኛል፤ የሰው ከብት እንደሚጠይቅ ሰው። እየበሉ ነው እለዋለሁ። እኔም አለሁበት ይላል።

ሁለተኛውን ተክል ግን አልለቀመም። አንድ ጠዋት ፓምፑን አስነሥቺልኝ ለማለት ፈልጎ ሌላ ቃል ወጣው። ሳቁበት። ከሰዓት በኋላ የሚስቱን ስም ፈልጎ አጣው። ሲመረመር ካንሰሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ተገኘበት። መድኃኒቱ ሳንባው ላይ የሠራውን እዚያ አልሠራም። በጨረር ሞከሩለት፤ ጥቂት ወራት ሰጠው። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ፣ ቤቱ ውስጥ፣ በመኝታው ላይ ሞተ። ጆይሊን አጠገቡ ነበረች።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጆይሊን ብቻዋን በባቡር መጣች። ቀጠሮ አልያዘችም። ኒሩፓ ስብሰባዋን ትታ አስተናገደቻት፤ እኔ ሻይ አፈላሁ። ጆይሊን ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ እያማሰለች የመጣችበትን ተናገረች።

«የመጀመሪያው ይቆይ» አለች። «እሱ የእግሩ ነው፤ እግሩን እወደው ነበር። ሁለተኛውን ግን ጣሉልኝ። የገደለው እሱ ነው። እናንተ ታበሉታላችሁ፣ ታሞቁታላችሁ፤ እኔ ማታ ማታ ይህን ማሰብ አልቻልኩም።»

ኒሩፓ አልተከላከለችም። ዴስ ፈርሞ እንደሰጠ፣ በሕጉ ማንም ሊያስገድደን እንደማይችል ነገረቻት፤ ሆኖም አንቺ ካልሽ አደርገዋለሁ አለቻት፤ በዚያን ቀን ወይዘሮ ዊትሎክ ማለቷን ትታ ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ አለች፤ ቆዳ ላይ ባለው ብቻ የሚሞት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የሚገድለው ሁለተኛው ነው፤ እሱን ከጣልኩ የመጀመሪያው ብቻውን ብዙ አይነግረኝም።

ጆይሊን ሻይዋን ጠጣች። ልየው አለች።

ወደ ውስጥ ወሰድኳትና ማጉያው ላይ አስቀመጥኩላት። ያኔ በመጣች ጊዜ ወዲያው ነበር ዓይኗን ያነሣችው፤ አሁን አላነሣችም።

«አሁን ምን እየበሉ ነው?» አለችኝ።

በዚያን ሳምንት ስብ የሚበሉበትን መንገድ እየዘጋንባቸው ነበር። ግማሽ ያህሉ እየሞቱ እንደሆነ ነገርኳት።

«የቀሩትስ?»

«ሌላ የሚበሉት እየፈለጉ ነው።»

ቀጥ አለችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «እንግዲያው ያንንም ዝጉባቸው» አለች። ስለ መጣል ዳግም አላነሣችም። እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኋት፤ በመንገድ ላይ የተናገረችው ስለ ዝናቡ ነበር።

ኒሩፓ የስቡንም፣ ሴሎቹ ከዚያ ወዲያ የሚዞሩበትንም ምግብ መንገድ ባንድ ጊዜ መዝጋት ከጀመረች ቆይታለች። ጠርሙስ ውስጥ ይሠራል፤ አይጥ ላይ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም፤ ሰው ዘንድ ገና አልደረሰም። ጆይሊን እርሻውን ለጎረቤቷ አከራይታ ካሎንድራ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወርዳለች፤ እህቷ ዘንድ። ጎረቤትየው ዘንድሮ ማሳውን ገልብጦ እንጆሪ ተክሎበታል።